ስደተኛው አሳዳጅ

ባለፈው የገና ሰሞን የአክስቴ ልጅ ከነቤተሰቡ ከአሜሪካ መጥቶ ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ መኖር ከጀመረ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ዶሮው ወጥቶ፣ ድፎው ተቆርሶ፣ ጠላው እየተቀዳ ሳለ የስምንት ዓመት ሴት ልጁ ከመቀመጫዋ ብድግ አለችና «አጎቴ፣ ትምህርት ቤት የሠራነውን ቲያትር ላሳይህ?» አለችኝ። ከጥቁር ወረቀት የተሠራ ረዥም ባርኔጣ ደፍታ የተነሳችውን ፎቶግራፍ ከአባቷ ስልክ ላይ አወጣች። ከዚያም በተሰባበረ አማርኛ ታሪኩን ተረከችልን። እርሷ «ፒልግሪም» ነበረች። ክፉ ንጉሥ እንዳይጸልዩ ቢከለክላቸው በመርከብ ውቅያኖስ ተሻገሩ። ሰው ሁሉ እንደ ፈቃዱ የሚጸልይበት አገርም መሠረቱ። ቤተ ዘመዱ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። በሕፃን ማን ይጨክናል?

ነገሩ የከነከነኝ ኋላ ነው፣ ቡና ሲፈላ። በዚያች ምሽት ገናን እያከበርን ነበር። ልጅቱ ባርኔጣቸውን የደፋችላቸው ሰዎች ወገኖች ግን በ1659 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ማሳቹሴትስ ውስጥ ገናን ብሎ ሥራ የፈታ ወይም የደገሰ ሰው አምስት ሺሊንግ እንዲቀጣ ሕግ አውጥተዋል። ሕጉ የተሻረው በ1681 ነው። በእነርሱ አገር ብንሆን ኖሮ የዚያን ዕለት ቤተ ዘመዱ በሙሉ ተቀጪ ነበር።

ይህንን ለአክስቴ ልጅ ብነግረው ሳቀብኝ። «አንተ ደግሞ ነገር ትወዳለህ! እኛም እኮ ባሕር የተሻገርን ስደተኞች ነን። ልጄ ይህ ታሪክ የኔም ነው ብትል ምን ይጎዳታል?» አለኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። መልሱም ለእርሱ ብቻ የሚቀር ስላልመሰለኝ እነሆ በአደባባይ ጻፍኩት።

አቋሜን ሳልሸፋፍን ላስቀምጥ። እነዚያ ሃይማኖተኞች ውቅያኖስ የተሻገሩት የሃይማኖት ነፃነትን ሊመሠርቱ አልነበረም። የራሳቸው ሃይማኖት ብቻ የሚገዛበትን አገር ሊመሠርቱ ነበር። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ማንም እንዳሻው የሚጸልይ ከሆነ ምስጋናው የሚገባው እነርሱ ላባረሯቸው፣ ለገረፏቸውና ለሰቀሏቸው ሰዎች ነው።

*

አስቀድሜ የሚገባቸውን ልስጣቸው፤ ያለ ፍትሕ የሚደረግ ሙግት ጩኸት ብቻ ነውና። የደረሰባቸው በደል ተረት አይደለም። የእንግሊዝ ንጉሥ የቤተ ክርስቲያኒቱም የበላይ ነበር። ከእርሷ ተለይቶ የራሱን ጉባኤ ያቆመ ሰው የመንግሥት ጠላት ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ሄንሪ ባሮውና ጆን ግሪንውድ የተባሉ የተገንጣዮቹ መሪዎች በ1593 ለንደን ላይ ተሰቅለዋል። ስክሩቢ በምትባል መንደር በዊልያም ብሩስተር ቤት ይሰበሰቡ የነበሩ ምእመናንም በ1607 ወደ ሆላንድ ሊሸሹ ሲሉ የተዋዋሉት የመርከብ አዛዥ አሳልፎ ሰጣቸው። ተይዘው የታሰሩት ቦስተን በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ነበር። ይህችን ስም ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

እነዚሁ ሰዎች በ1608 ተሳክቶላቸው አምስተርዳም፣ በ1609 ደግሞ ላይደን ገቡ። መኖሪያ እንዲፈቀድላቸው ሲጠይቁ የላይደን ሹማምንት የሰጡት መልስ አጭር ነው፤ ሕጋችንን እስካከበረ ድረስ ጨዋ ሰው እንዳይገባ አንከለክልም የሚል። በዚያች ከተማ አሥራ አንድ ዓመት ያህል እንደ ፈቃዳቸው ሰበኩ፣ ጸለዩ፣ ዘመሩ። በ1619 የእንግሊዝ አምባሳደር ባደረገው ግፊት የብሩስተር የማተሚያ ፊደላት መወረሳቸው እውነት ነው። ይሁንና ጉባኤያቸውን የበተነው፣ ጸሎታቸውን የከለከለው አልነበረም።

እንግዲህ ልብ በሉ! የፈለጉት ነፃነትን ብቻ ቢሆን ኖሮ አግኝተውት ነበር። ታዲያ እንደገና ምን አስነሳቸው? ዊልያም ብራድፎርድ፣ ኋላ ገዥያቸው የሆነው ሰው፣ ምክንያቱን በጻፈው ታሪክ ውስጥ ዘርዝሮታል። የላይደን ሥራ ጉልበት ይጨርሳል፤ ልጆቻቸው ከወላጆቻቸው ጋር እየለፉ ያለ ዕድሜያቸው ይጎብጣሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ የከተማውን ወጣት እየተከተሉ ከእጃቸው ይወጣሉ። ሆላንድ ከስፔን ጋር የተፈራረመችው የአሥራ ሁለት ዓመት የተኩስ አቁምም በ1621 ሊያበቃ ነው። ወንጌልን በሩቅ አገር የማስፋፋት ምኞትም ነበራቸው። በዚህ አልዘብትም። ልጁ በሰው አገር ከቋንቋውና ከእምነቱ ሲርቅበት የሚያይ አባት ምን እንደሚሰማው የአክስቴ ልጅ ከኔ ይበልጥ ያውቀዋል። ነገር ግን ይህ ነፃነት ያጣ ሰው ጭንቀት ነውን? የጎረቤቱ ነፃነት ልጁን እንዳይወስድበት የሚፈራ ሰው ጭንቀት ነው።

*

ሜይፍላወር በመስከረም 1620 ከእንግሊዝ ስትነሳ 102 መንገደኞች ይዛ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ከላይደን የመጡት ምእመናን ግማሽ አይሞሉም። የቀሩት በአብዛኛው መሬትና እንጀራ ፈላጊዎች ነበሩ። ወጪውን የሸፈኑት ደግሞ ትርፍ የሚጠብቁ የለንደን ነጋዴዎች ናቸው። ስድሳ ስድስት ቀን ያህል ባሕር ላይ ከቆዩ በኋላ ፈቃድ ካገኙበት ቦታ በስተሰሜን ደረሱ። ከመርከብ ሳይወርዱ 41 ወንዶች በጋራ ለሚያወጡት ሕግ ሊገዙ ቃል ኪዳን ፈረሙ። በመጀመሪያው ክረምት ግማሽ ያህሉ በበሽታና በብርድ አለቁ። ይህንን መከራ አቅልሎ የሚያይ ሰው ልብ የለውም።

የሰፈሩባት መንደር ግን ባዶ የሆነችው በተአምር አልነበረም። ፓተክሴት ትባል ነበር። ከ1616 ጀምሮ በአካባቢው የተዛመተ ወረርሽኝ ነዋሪዎቿን ፈጅቷቸዋል። ከመንደሯ ተወላጆች ቲስኳንተም የሚባል አንዱ የተረፈው በ1614 አንድ እንግሊዛዊ የመርከብ አዛዥ ጠልፎ ስፔን ወስዶ ስለሸጠው ነው። እንደምንም ብሎ እንግሊዝ ደርሶ በ1619 አገሩ ሲመለስ ያገኘው የወገኖቹን አጽም ነው። ለመጤዎቹ የበቆሎ አዘራር ያስተማራቸው ይኸው ሰው ነው። የዋምፓኖአግ ሕዝብ መሪ ማሳሶይት በ1621 የሰላም ውል ተዋዋላቸው፤ በዚያው ዓመት መከር ከ90 ሰዎቹ ጋር መጥቶ፣ አምስት አጋዘን አስገድሎ፣ ሦስት ቀን አብሯቸው ተመገበ። የልጅቱ ቲያትር የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። መጋረጃው የሚዘጋው እውነተኛው ታሪክ ሲጀምር ነው።

በ1630 ዋናው ማዕበል መጣ። እነዚህ ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሳይገነጠሉ ሊያጠሯት የሚሹ «ፒዩሪታን» የተባሉት ናቸው። በዚያ አንድ ዓመት ብቻ አንድ ሺህ ገደማ ሰው በጆን ዊንትሮፕ መሪነት ተሻገረ። እስከ 1640 ድረስ ቁጥራቸው ሃያ ሺህ ያህል ደረሰ። ዊንትሮፕ አገራቸው ዓለም ሁሉ የሚያያት በኮረብታ ላይ ያለች ከተማ እንደምትሆን ሰበከላቸው። ዋና ከተማቸውንም ቦስተን አሏት፤ የእነ ብሩስተር ወህኒ ቤት በነበረችው በእንግሊዟ ቦስተን ስም። በ1631 ደግሞ የቤተ ክርስቲያን አባል ያልሆነ ሰው ድምፅ እንዳይሰጥ ደነገጉ። አባል ለመሆንም መንፈሳዊ ሕይወቱ በነባር አባላት ፊት ይመረመር ነበር።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላል ያገራችን ሰው። ቦስተን ላይ ግን የተወጋው ረሳ።

*

ሮጀር ዊልያምስ በ1631 ቦስተን የደረሰ ወጣት ሰባኪ ነው። ሁለት ነገር ተናገረ። አንደኛው፣ መንግሥት በሰው ኅሊና ላይ ሥልጣን የለውም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የእንግሊዝ ንጉሥ የነባር ሕዝቦችን መሬት ለሌላ የመስጠት መብት የለውም የሚል ነው። በ1635 እንዲባረር ተፈረደበት። ይዘው ወደ እንግሊዝ ሊመልሱት መሆናቸውን ሲሰማ በጥር በረዶ በእግሩ ጠፋ። ያስጠለሉት እነዚያው ነባሮች ናቸው። በ1636 ከናራጋንሴት መሪዎች ባገኘው መሬት ላይ ፕሮቪደንስን መሠረተ፤ በዚያም ማንም ስለ እምነቱ እንዳይጠየቅ ተደረገ። በ1644 ለንደን ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ለአይሁዱም፣ ለሙስሊሙም፣ ለአረማዊውም ሳይቀር የኅሊና ነፃነት ይገባል ብሎ ተከራከረ። የእንግሊዝ ምክር ቤት መጽሐፉ እንዲቃጠል አዘዘ።

አን ኸቺንሰን አዋላጅና የብዙ ልጆች እናት ነበረች። ቤቷ ውስጥ ሰው ሰብስባ ስለ ሰማችው ስብከት ትወያይ ነበር፤ ሰሚዋ እየበዛ ሲሄድ ሰባኪዎቹን መተቸት ጀመረች። በኅዳር 1637 ፍርድ ቤት ቀረበች። ከሳሽም ዳኛም ሆኖ የጠየቃት ገዥው ዊንትሮፕ ነበር። እንድትባረር ከተፈረደባት በኋላ ስለ ምን እንደምትባረር ብትጠይቅ የተሰጣት መልስ፣ ፍርድ ቤቱ ምክንያቱን ያውቃል፣ ለእርሱም በቂ ነው የሚል ነበር። ይህ አነጋገር ለአንባቢ እንግዳ አይደለም ብዬ እገምታለሁ።

በ1656 ኩዌከር የተባሉት ምእመናን ቦስተን መድረስ ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ መጻሕፍታቸው ተቃጥሎ፣ ታስረው፣ በመጡበት ተባረሩ። ቀጥሎ ግርፋት መጣ፤ ቀጥሎ ጆሮ መቁረጥ። በ1658 ደግሞ ተባርሮ የተመለሰ ኩዌከር በሞት እንዲቀጣ ሕግ ወጣ። በጥቅምት 1659 ሁለት ወንዶች ተሰቀሉ። ሦስተኛዋ ሜሪ ዳየር ገመዱ አንገቷ ላይ ከገባ በኋላ ምሕረት ተባለላትና ከከተማው አስወጧት። ኸቺንሰን ከቤተ ክርስቲያን ስትወገዝ ከጉባኤው ተነስታ አብራት የወጣችው ይህችው ሜሪ ዳየር ነበረች። ሕጉ ይሻር ልትል ተመልሳ መጣች። ግንቦት መጨረሻ ላይ ተፈረደባት፤ ሰኔ 1 ቀን 1660 ቦስተን ላይ ሰቀሏት። በ1661 አራተኛ ሰው ተከተላት። ግድያውን ያስቆመው የቦስተን ኅሊና መሰላችሁ? ከለንደን የመጣ የንጉሥ ትእዛዝ ነው። ያዘዘውም ቻርለስ ሁለተኛ፣ የላይደን ስደተኞች የሸሹት የንጉሥ ጄምስ የልጅ ልጅ ነው!

«ይህ የፒዩሪታኖቹ ጥፋት ነው፤ የሜይፍላወሮቹ ግን ገሮች ነበሩ» የሚል አይጠፋም። በእርግጥ ፕሊመዝ ላይ በእምነቱ የተሰቀለ የለም። ነገር ግን በ1645 ለሁሉም እምነት መቻቻል ይታወጅ የሚል ሐሳብ ለፕሊመዝ ጉባኤ ቀርቦ ነበር። ከተወካዮቹ ብዙዎቹ ደግፈውት እንደነበር ከመሪዎቹ አንዱ የሆነው ኤድዋርድ ዊንስሎ ለዊንትሮፕ በጻፈው ደብዳቤ ላይ በቁጭት ይናገራል። ገዥው ብራድፎርድ ግን ድምፅ እንዳይሰጥበት ከለከለ። ዕድሉ በእጃቸው ገብቶ ነበር፤ አወቀው ዘጉት። ስለዚህ በሜይፍላወር ላይ የሃይማኖት ነፃነት መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

*

የራሳቸውን ወገን እንዲህ ካደረጉ ሌላውንማ ምን ያደርጉት ይሆን? የማሳቹሴትስ ማኅበር የ1629 ማኅተም ላይ አንድ ነባር ሰው ቆሞ፣ ተሻግረው እንዲረዱት ሲለምን ይታያል። ርዳታው የመጣው በግንቦት 1637 ነው። ከኮነቲከትና ከማሳቹሴትስ የሄዱ ወታደሮች ከነባር አጋሮቻቸው ጋር ሚስቲክ ላይ የፒኮት ሕዝብ የተጠለለበትን ምሽግ በሌሊት ከበው አቃጠሉት። ቢያንስ 400 ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ከአዛዦቹ አንዱ ኋላ ድርጊቱን በመጽሐፍ ቅዱስ አስደግፎ ጻፈ። በ1638 ውል ደግሞ የተረፉት ከእንግዲህ ፒኮት ተብለው እንዳይጠሩ ተከለከለ። ስማቸው ሳይቀር ተወረሰ።

ከምርኮኞቹ ከፊሎቹ ካሪቢያን ተልከው ተሸጡ። በዚያው ዓመት «ዲዛየር» የምትባል መርከብ ከዚያው አካባቢ ጥጥ፣ ትምባሆ፣ ጨውና አፍሪካውያን ጭና ቦስተን ገባች። ዊንትሮፕ ራሱ በማስታወሻው መዝግቦታል። በ1641 የነፃነቶች ድንጋጌ ብለው ያወጡት ሕግ ደግሞ ባርነት አይኖርም ይልና ወዲያው በር ይከፍታል፤ በፍትሐዊ ጦርነት የተማረኩ፣ ራሳቸውን የሸጡ ወይም የተሸጡልን እንግዶች ካልሆኑ በስተቀር ይላል። በሰሜን አሜሪካ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ውስጥ ለባርነት እውቅና የሰጠው የመጀመሪያው ሕግ ይኸው ነው፤ ያውም በነፃነት ስም የተጻፈ። ይህንን ሕግ ያሰናዳው ናታንኤል ዋርድ የሚባል ሰባኪ ነው። ይኸው ሰው በ1647 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሌላ እምነት ሰዎች ሙሉ ነፃነት አላቸው፣ እርሱም ከእኛ የመራቅ ነፃነት ነው የሚል ሐሳብ አስፍሯል። ነገሩን ከእርሱ ይበልጥ የሚያስረዳልኝ ምስክር ከየት አመጣለሁ?

የማሳሶይት ልጅ ሜታኮምስ? አባቱ ያበላቸው ሰዎች መሬቱን ቁራሽ በቁራሽ ሲጨርሱበት በ1675 ጦርነት ተነሳ። በ1676 ተገደለ፤ ራሱም ፕሊመዝ ላይ በእንጨት ተሰክቶ ለዓመታት ቆየ። ትንሹ ልጁ ይገደል ወይስ ይሸጥ በሚል ሰባኪዎች ጥቅስ እየጠቀሱ ተከራከሩበት። በመጨረሻ ለባርነት ተሸጠ። በአንድ ማዕድ ከቆረሱ 55 ዓመት ነው።

*

«የዘመኑ ሰዎች ናቸው፤ በዛሬ ሚዛን አትመዝናቸው» የሚለው ክርክር ዘወትር ይቀርብልኛል። በዛሬ ሚዛን ማን መዘናቸው? ዊልያምስ የዘመናቸው ሰው ነው። ያነበበው መጽሐፍ ቅዱስ አንድ፣ የተሻገረው ውቅያኖስ አንድ፣ የሸሸው መንግሥት አንድ ነው። ላይደን በ1609 በሯን ስትከፍትላቸውም ዘመኑ ያው ዘመን ነበር። ሌላ መንገድ መኖሩን ያውቁ ነበር፤ ያወቁትም በሰውነታቸው ነው፣ ስለበሉበት፣ ስለተጠለሉበት።

«ትምህርት ቤት ሠርተዋል» ይባላል። እውነት ነው። ሃርቫርድን በ1636 አቋቁመዋል። በ1647 ሃምሳ አባወራ ያለው ከተማ ሁሉ የንባብ መምህር እንዲቀጥር ደንግገዋል። ይህንን አልነፍጋቸውም። ነገር ግን ፊደል ማስቆጠር አንድ ነገር ነው፤ የቆጠረው ሰው የጻፈውን አለማቃጠል ሌላ ነገር ነው።

ዊልያምስንም ጻድቅ አላደርገውም። በ1676 ምርኮኞችን ለአገልጋይነት ባከፋፈለው የፕሮቪደንስ ኮሚቴ ውስጥ እርሱም ነበረበት። የመሠረታት ሮድ አይላንድም በሚቀጥለው ምዕተ ዓመት በባሪያ ንግድ ስሟ የገነነ ሆናለች። ሰው ሙሉ አይደለም። ሆኖም የሃይማኖት ነፃነትን በተመለከተ ትክክለኛውን ቃል የተናገረው እርሱ ነው፤ በ1663 ሮድ አይላንድ ከንጉሡ ባገኘችው ቻርተር ላይም ያ ቃል ሕግ ሆነ። ማሳቹሴትስ ግን ሕዝቡ ለቤተ ክርስቲያን ግብር መክፈሉን ሙሉ በሙሉ የተወችው በ1833 ነው፤ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ ማሻሻያ ከጸደቀ ከ42 ዓመት በኋላ።

ማሳቹሴትስ ራሷ ስሕተቷን ዘግይታም ቢሆን አምናለች። የዊልያምስን መባረር በ1936 ሽራለች። የኸቺንሰን ሐውልት ከ1922 ጀምሮ፣ የሜሪ ዳየር ደግሞ ከ1959 ጀምሮ ቦስተን ላይ በመንግሥቱ ሕንፃ ደጃፍ ይታያሉ። ባለቤቱ ያመነውን እኛ በስልክ «እንኳን ለምስጋና ቀን አደረሳችሁ» የምንባባል ሰዎች የምንክደው ስለ ምን ነው? ዋምፓኖአጎችም ከምድር አልጠፉም። ከ1970 ወዲህ በየዓመቱ በዚያው ቀን ፕሊመዝ ላይ ተሰብስበው የሐዘን ቀን ያከብራሉ።

እንግዲህ ወደ አክስቴ ልጅ ጥያቄ ልመለስ። ወንድሜ፣ ስደተኛ መሆንህ እውነት ነው። ግን በዚያ ታሪክ ውስጥ የልጅህ ቦታ የት እንደሆነ ጠይቀህ ታውቃለህ? ቆዳዋን የሚመስሉት በ«ዲዛየር» ተጭነው የመጡት ናቸው። እንደ እናቷ ጾማ፣ ገናን ብላ ሥራ ብትፈታ አምስት ሺሊንግ ትቀጣ ነበር። የእምነቷን ሥርዓት ቦስተን ላይ በይፋ ብትሰብክ ደግሞ የተባረሩት መንገድ ይጠብቃት ነበር። ዛሬ በሜሪላንድ ጎዳና ነጠላ አጣፍታችሁ ቤተ ክርስቲያን የምትሄዱት፣ ሙስሊሙ ጎረቤታችሁም መስጊዱ የሚሄደው፣ ባለ ባርኔጣዎቹ ስላሸነፉ አይደለም። በዚህ ጉዳይ ስለተሸነፉ ነው።

ሁላችንም «ለእምነቴ ነፃነት» ስንል የምንፈተንበት ቦታ አንድ ነው። ስንበደል የምንጮኸው ጩኸት ብዙ አይመሰክርልንም፤ የተበደለ ሁሉ ይጮኻል። ምስክሩ በሩ በእኛ እጅ ሲገባ የምናደርገው ነው።

የልጅቱን የወረቀት ባርኔጣ አልነጥቃትም። መጪው ኅዳር ቲያትሩ ሲደገም ግን ለመምህሯ «እኔ ሜሪ ዳየርን ልሁን» እንድትል ምከራት። መምህሯ «የእርሷ ክፍል በጽሑፉ የለም» ካለቻት፣ ለምን እንደሌለ ትጠይቃት።